ሽማግሌ፣ ገላጋይ፣ ዘመድ ዳኛ፦ ስማቸውና ሥልጣናቸው



በሰርቦ ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚሰማው «ሽማግሌ ይየው» የሚል ቃል ነው። በኦሮምኛም ጃርሱማ ይባላል። ዳሩ ግን ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ዕርቅ ነው፣ ሌላው ፍርድ ነው። ሳይገባን ብንፈርም ጣጣው የኋላ ኋላ ስለሚመጣ የነዚህን ቃላት ታሪክ ባጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በዱሮ ጊዜ ሽማግሌ ነገር ከመስማቱ በፊት ባለጉዳዮቹን «ዋስ ጥሩ» ይል ነበር። ዋስ መጥራት «ሽማግሌ ካለው አልወጣም» ማለት ነው። ወረቀት ባይኖርም ሰውን የሚያስረው ይሄ ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት አጥቢያ ዳኛ የሚባል አቆመ። ሥልጣኑ እስከ 25 ብር ለሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ሲሆን፣ ማስታረቅም ሥራው ነበር።

ቀጥሎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱን ለያቸው። አስታራቂ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ባለጉዳዮቹ በጽሑፍ ካልተቀበሉት አያስገድድም። ዘመድ ዳኛ ግን ይፈርዳል። ስሙ ዘመድ ይባል እንጂ የሥጋ ዘመድ መሆን አያሻውም፤ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው የመረጡት ዳኛ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመጣው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ከዚህ ይለያል፤ ዳኞቹን የሚመርጠው ነዋሪው እንጂ ተከራካሪዎቹ አልነበሩም።

ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነው። ዘመድ ዳኝነት ይባል የነበረውን «የግልግል ዳኝነት» ብሎታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በኛ አነጋገር ገላጋይ ማለት ዱላ የተማዘዙትን መሀል ገብቶ የሚለያይ ነው፤ ለያይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአዋጁ ግን የግልግል ዳኛ ማስረጃ ሰምቶ ይወስናል፤ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ይፈጸማል። በሕጉ ከተቆጠሩት ምክንያቶች በቀር «ቅር ብሎኛል» ብሎ ነገሩን እንደገና ማንሣት የለም። ፍቺና ወንጀል ግን በግልግል ዳኛ አይወሰኑም። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልልም ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና ሰጥቷል።

ለምሳሌ ሁለት አባሎች በሽርክ ቡና ገዝተው በሒሳብ ተጣሉ እንበል። «ሽማግሌ ያስታርቀን» ብለው ከጻፉ፣ የቀረበው ዕርቅ ካልጣማቸው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። «ሽማግሌዎቹ ዳኛ ሆነው ይወስኑልን፣ ውሳኔያቸው የመጨረሻ ነው» ብለው ከፈረሙ ግን ፍርድ ቤቱ «ዳኛችሁን መርጣችኋልና ወደዚያው ሂዱ» ቢላቸው አይፈረድበትም።

እንግዲህ ወረቀት ሲቀርብላችሁ «ይሄ ዕርቅ ነው ወይስ ዳኝነት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሽማግሌዎቻችንም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የተሰጣቸው ሥልጣን የትኛው እንደሆነ በግልጽ ያስጽፉ። ማንበብ ያልቻለ ካለ የሚያምነው ጎረቤት ያንብብለት። ዕርቅ ደም ያድርቅ ይባላል፤ ሁለቱም ወገን ገብቷቸው ሲፈርሙ ነው የሚያደርቀው።