ከወይራ ጢስ እስከ ኑግ ዘይት፦ ቢንቢን በቅባት

ወዳጆቼ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጉናና የንፋስ መውጫ ብርድ ነው። ይኸው አገር ግን ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሲወርድ ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ ንዳድ አለው።

የድሮ ሰው ንዳድን የሚሸሸው በቦታ ነበር። ቤቱን ደጋ ይሠራል፣ ቆላ ማደርን ይፈራል። ካደረም ወይራ ያጨሳል። ጢስ ግን ከቤት አይወጣም፤ ደጅ ላይ ንፋስ ይወስደዋል።

የቦታው ብልሃት በ1950 ዓ.ም. ክረምት ከዳን። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ወባው ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጣ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ያህል ሞተ ተብሎ ተገመተ። የደጋው ሰው በሽታውን ስላልለመደው ክፉኛ ጎዳው።

በማግስቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ዲዲቲ የቤት ግድግዳ ላይ ተረጨ፣ በኋላም አጎበር መጣ። ሁለቱም ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ግን ልብ በሉ፦ ሁለቱም የሚጠብቁት ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ነው። የአገራችን ዋና የወባ ትንኝ ደግሞ ደጅም ትነክሳለች፣ ሰው ሳይተኛ በምሽትም ትነክሳለች። ማማ ላይ ያለውን ማሽላ ጠባቂ ማን ይጠብቀው?

ቅባት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አርባ ምንጭ አጠገብ ቆላ ሻራ በሚባል መንደር ተመራማሪዎች የኒም ዘይትን ከኛው ኑግ ዘይት ጋር ቀላቅለው በሰው ቆዳ ላይ ሞከሩት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ከንክሻው 70 በመቶ ገደማ ተከላከለ፣ ሙሉ ጥበቃው ግን 3 ሰዓት ያህል ነው። ዲት የሚባለው የፋብሪካ ቅባት እስከ 8 ሰዓት ይዘልቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቢንቢን የሚያባርረው ሽታ ቶሎ ይተናል። ኑጉ ሽታውን ያዝ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሽቶ ባሕር ዛፍም አለ። ከሱ የሚጣራው ዘይት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይመከራል። ያ ግን የተጣራው ነው፣ ደጃችን ያለው ተራ ባሕር ዛፍ አይደለም። ስለዚህ ቅጠል ጨምቃችሁ ልጅ አትቀቡ፣ ቆዳ ያቃጥላል።

እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ቅባት አጎበርን አይተካም፣ ከምሽት እስከ መኝታ ያለችውን ክፍተት ነው የሚሸፍነው። ኑጉ የኛ፣ ኒሙም ቆላ ላይ የሚበቅል ነው። የጎደለው አጣርቶ፣ መጥኖ፣ በገበሬ አቅም የሚሸጥ ሰው ነው። ያተኮሰው ሰው ግን ቅባትም ጢስም ሳይል በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

በናንተ ቀበሌ ቆላ ሲወርዱ ምን ይቀቡ፣ ምን ያጨሱ ነበር? አባቶችንና እናቶችን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ።