ማዕድ ማጋራት በወረርሽኝ ዘመን፦ ከፍሎረንስ እስከ ኮንዶሚኒየም ደረጃ

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኛ ሀገር ምግብ ማለት አብሮ መብላት ነው። አንድ ትሪ፣ በእጅ መቁረስ፣ ጉርሻ። ብቻውን የሚበላ ሰው ይታማል። እንዲህ ባለ ሕዝብ መሃል በትንፋሽና በንክኪ የሚተላለፍ በሽታ ሲገባ ጭንቅ ነው። አቅመ ደካማ ጎረቤትህን ብትጠጋው ልታስይዘው ትችላለህ፤ ብትርቀው ደግሞ ይራባል። ታዲያ ምን ይደረግ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩም ተፈትነውበታል።

ከጣሊያኗ ፍሎረንስ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1630 ቸነፈር ሰሜን ጣሊያንን ወርሮ ፍሎረንስ ደረሰ። የከተማዋ የጤና ቦርድ በጥር 1631 ሕዝቡ ለ40 ቀን ከቤት እንዳይወጣ አዘዘ። ማዘዝስ ቀላል ነው። ሠርቶ ካልዋለ የማይበላ ሸማኔና የቀን ሠራተኛ 40 ቀን ቤቱ ተቀምጦ ምን ሊበላ ነው? ቦርዱ ይህን ስላወቀ ከ30,000 ለሚበልጡ ድሆች ድርጎ ቆረጠላቸው። በየቀኑ ሁለት ዳቦና ወይን፣ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ሥጋ፣ በሌሎቹ ሩዝና አይብ፣ ማክሰኞ ደግሞ በቁንዶ በርበሬ የተቀመመ ቋሊማ ይታደል ነበር። አዳዮቹ ከታች ሆነው ይጣራሉ፤ ቤተሰቡ በገመድ ቅርጫት ያወርዳል፤ ምግቡ ተጭኖ ወደ ላይ ይሳባል። ወይን ሻጮችም በግድግዳቸው ላይ ባለች ትንሽ መስኮት እየሸጡ፣ ሳንቲሙን በብረት መዛቂያ ተቀብለው ኮምጣጤ ውስጥ ይጨምሩት ነበር።

ውጤቱስ? ሚላን ከሕዝቧ 46 በመቶ ያህሉን፣ ቬኒስ 33 በመቶውን ስታጣ ፍሎረንስ 12 በመቶ ገደማ አጣች። ልዩነቱን ያመጣው ድርጎው ብቻ ነው አልልም። ግን የተራበ ሰው በአዋጅ ቤቱ አይቀመጥም።

ሁለተኛው ታሪክ የእንግሊዟ ትንሽ መንደር የኢም ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ከለንደን በመጣ ጨርቅ ቸነፈር ገባባት ይባላል። በቀጣዩ ዓመት ቄሱ ዊሊያም ሞምፔሰንና ከእሱ በፊት የነበረው ቄስ ቶማስ ስታንሊ፣ በሽታው ወደ ጎረቤት መንደሮች እንዳይዛመት ማንም ከመንደሩ እንዳይወጣ ሕዝቡን አሳመኑ። የዴቮንሻየሩ ኧርል ምግብ ለመላክ ቃል ገባ። ጎረቤቶች ስንቁን ወሰን ላይ ካለ ድንጋይ ዘንድ አስቀምጠው ይመለሳሉ፤ የመንደሩ ሰዎች ቆይተው ያነሱታል። ዋጋውን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ይተዋሉ። 260 ያህል ሰው ሞተ፤ የሞምፔሰን ሚስትም አንዷ ነበረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያኔ ቸነፈርን ቁንጫ እንደሚያስተላልፈው የሚያውቅ አልነበረም። ስለ ሳንቲሙ የነበራቸው ግምት ስህተት ሊሆን ይችላል፤ አስቀምጦ ዞር ማለቱ ግን ትክክል ነበር።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የኅዳር በሽታ የምንለው የ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደገደለ ይነገራል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። የዚያ በሽታ ክፋቱ በዓለም ሁሉ ጎልማሶችን መምረጡ ነበር። ውሃ የሚቀዳው፣ እሳት የሚያነደው፣ አጥሚት የሚያጠጣው ሰው ራሱ ተኛ ማለት ነው። ቤተሰቡ አንድ ላይ ከወደቀ ደግሞ በሽታው ያልገደለውን ጥምና ረሃብ ይጨርሰዋል። ዛሬ ኅዳር 12 ስናጥን ጭሱን እናስታውሳለን። በዚያ ወር የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ ውሃ ያቀበለውን ሰው ግን ማን ያስታውሰዋል? ለእሱ የቆመ ቀን የለንም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ቃል በየአፉ ገባ። እኛ ብሎክ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስኳርም ደም ግፊትም ያለባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ተራ አወጣን። ገበያ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ፣ የሚያበስለው በየቀኑ አንድ ቤት። ምግቡ በክዳን ዕቃ ትኩሱን በራቸው ላይ ይቀመጣል፤ አንኳኩተን ደረጃው ድረስ እንመለሳለን፤ ሲከፍቱ ከዚያው ሆነን እናጫውታቸዋለን። መጀመሪያ አልቀበልም አሉ። «እኔ ለማኝ ነኝ እንዴ?» በኋላ አንዷ ጎረቤታችን «እማማ፣ ሽሮው ከእርስዎ ይሁን» ስትላቸው ነገሩ ተፈታ። እሳቸው ሽሮ በራቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኛ ወጡን እንመልሳለን። ፋሲካንም እንዲሁ አሳለፍን፤ ዶሮው ደጃፋቸው፣ እኛ ደረጃው ላይ።

ከእነዚህ ታሪኮች የተረዳሁት ይሄንን ነው። መጀመሪያ በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ጉንፋንና ኮሮና ያለው ከትንፋሽ ነውና ርቀት ይጠብቃል። እንደ ኮሌራ ያለው ግን በራሱ በምግቡና በውሃው ስለሚገባ፣ በር ላይ አስቀምጦ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ በደንብ የበሰለና ትኩስ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ያመመው ሰው አያበስልም፣ አያደርስም፤ ተራ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ምግቡን እንጂ ወሬውን አታቋርጡ፤ ይቅርታ፣ ምግቡንም ወሬውንም አታቋርጡ! ብቻውን የተዘጋበት ሰው ድምፅም ይርበዋል። አራተኛ፣ ተቀባዩ የሚሰጠው ነገር ይኑረው። ክብሩ የተነካ ሰው በሩን ይዘጋል፤ በሩን የዘጋን ሰው ደግሞ መታመሙን እንኳ የሚያውቅለት የለም።

እናንተ ሰፈርስ በዚያ ሰሞን እንዴት አደረጋችሁ? አያቶቻችሁ ስለ ኅዳር በሽታ ያወሩላችሁ ካለም ከታች ጻፉልኝ። እንዲህ ያለው ታሪክ ካልተጻፈ ይጠፋል።

ቸር እንሰንብት።