ሦስት ከመቶ

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ እኔ ገና በመምህርነት ላይ ነበርኩ። ከደመወዛችን 3 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል ተባለ። ለውይይት ስንጠራ አዳራሹ ተናወጠ። «ሐኪም ቤት ሄደን ‹መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ› የምንባለው አንሶ፣ አሁን ደግሞ ለምኑ ነው የምንከፍለው?» አለች አንዲት የሒሳብ መምህርት። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። እውነቷን ነው፤ ግን መድኃኒቱ በምን ገንዘብ ይገዛ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደግሞ ጡረታና ግብር ከተቆረጠበት ደመወዝ ላይ ሌላ ቅነሳ መስማት ማን ይወዳል? የሠራተኛው ተቃውሞ በረታና መዋጮው የሚጀመርበት ጊዜ ደጋግሞ ተራዘመ።

ገበሬው ቀደመን። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለሙከራ ተጀመረ። አባወራው በዓመት አንዴ ያዋጣል፤ ለድኻ ድኻው መንግሥት ይከፍልለታል። ዕድር ለለመደ ሰው የመዋጮን ነገር ማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። የመድኃኒት እጥረቱ እሮሮ እዚያም አልቀረም፤ ሆኖም መድኑ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ።

እኛ ደመወዝተኞቹ ክርክሩን አሸንፈን ከኪሳችን መታከም ቀጠልን።