ኦክሲጅንና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ዓይን

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባው ስላልጠነከረ ትንፋሽ ያጥረዋል። በ1940ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካና በሌሎች ባለጸጋ አገሮች የነበሩ ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን ሕፃናት በማሞቂያ ሣጥን አስተኝተው ኦክሲጅን በብዛት ይሰጧቸው ነበር። ነገር ግን በ1942 የቦስተኑ የዓይን ሐኪም ቴዎዶር ቴሪ ከዓይናቸው ሌንስ በስተጀርባ ጠባሳ ተጋርዶባቸው የታወሩ ሕፃናት መኖራቸውን ገለጹ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የታወሩት በዓለም ዙሪያ 10,000 ያህል ደርሰው ነበር።

የሚያስገርመው፣ በሽታው የበረታው ዘመናዊ መሣሪያ በተሟላላቸው ሆስፒታሎች መሆኑ ነው። በ1951 የሜልበርኗ ሐኪም ኬት ካምቤል፣ ኦክሲጅን በቁጠባ በሚሰጥበት ቦታ በሽታው አነስተኛ መሆኑን አስተውለው ጥርጣሬያቸውን በኦክሲጅን ላይ አሳረፉ። አርናል ፓትዝ የተባሉ ሐኪም በዋሽንግተን ሙከራ ሲያደርጉ፣ ጥቂት ኦክሲጅን የተመደበላቸው ሕፃናት ይሞታሉ ብለው የሰጉ ነርሶች ሌሊት መክፈቻውን ያዞሩላቸው እንደነበር ይነገራል። ርኅራኄ ነበር፤ ውጤቱ ግን ጨለማ ነበር።

በ1953 በአሜሪካ 18 ሆስፒታሎች በኅብረት ሕፃናቱን በዕጣ መድበው አነጻጸሩ። በ1954 እንደታወቀው፣ ኦክሲጅን በብዛት ለረጅም ጊዜ ባገኙት ላይ የዓይን ጠባሳው በሦስት እጥፍ ያህል በዝቶ ተገኘ።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሬቲና የደም ሥሮቹ ተሟልተው የሚያድጉት በመወለጃው ጊዜ ገደማ ነው። የበዛ ኦክሲጅን እነዚህን በማደግ ላይ ያሉ ሥሮች ይዘጋል። በኋላ ሬቲናው ኦክሲጅን ሲያጥረው ደካማ ሥሮች በዘፈቀደ ይበቅላሉ፤ ይደማሉ፤ ጠባሳቸውም ሬቲናውን ስቦ ይገነጥለዋል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ኦክሲጅን በጥብቅ ሲቀነስ ዕውርነት ቀነሰ፤ ሞት ግን ጨመረ። በ1973 እንግሊዛዊው ኬኔት ክሮስ አንድ ሕፃን ከዕውርነት ሲድን 16 ያህል ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገመቱ። በ2010 የወጣ የአሜሪካ ጥናትም በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ዝቅ ሲደረግ የዓይን ጉዳት ቀንሶ ሞት እንደሚጨምር አሳየ።

ዛሬ ከኦክሲጅን ሌላ፣ ከ32 ሳምንት በፊት መወለድ፣ ከ1,500 ግራም በታች መመዘን፣ የደም መመረዝና የክብደት አለመጨመር አደጋውን እንደሚያባብሱ ይታወቃል። ስለዚህ ኦክሲጅኑ በመሣሪያ እየተለካ ይሰጣል፤ ዓይናቸውም በወቅቱ ይመረመራል።

ከዚህ ታሪክ ለተማሪዎቻችን የምናስተላልፈው ትምህርት አለ። በጎ አሳብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማነጻጸርና መለካት ያስፈልጋል። አንዱን ጉዳት ስናስወግድም ሌላውን እንዳናመጣ ደግመን እንመርምር።