ከቀርፋፋ መስመር የተወለደ ቅልጥፍና

«ላፕቶፔን የማያደክም ኮድ ኤዲተር የቱ ነው?» የሚለው የወጣት ፕሮግራመሮች ጥያቄ ሥሩ ከላፕቶፕ ይቀድማል፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መልሱም ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው።

በ1969 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምሰን በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ «ኢዲ» የተባለውን ኤዲተር ሲጽፍ፣ ፕሮግራመሩ ስክሪን አልነበረውም፤ የሚሠራው ወረቀት ላይ በሚያትም ቴሌታይፕ ነበር። ማሽኑ ቀርፋፋ ስለሆነ ትእዛዞቹ ባንድ ባንድ ፊደል ተወሰኑ። ኢዲ ያልገባው ነገር ሲገጥመው የሚመልሰው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ቢል ጆይ «ቪአይ» ለተባለው ኤዲተር መሠረት ጣለ። ከቤቱ ሆኖ የሚሠራበት ሞደም በሴኮንድ 30 ፊደል ገደማ ብቻ ያስተላልፍ ነበር። በዚህ ፍጥነት 24 መስመር በ80 ፊደል የሆነን ስክሪን መሙላት ከ1 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ቪአይ ስክሪኑን ደጋግሞ እንዳይስል፣ በጥቂት ቁልፍ ብዙ እንዲያሠራ ሆኖ ተቀረጸ። ጠቋሚውን በኤች፣ በጄ፣ በኬና በኤል ማንቀሳቀስም የመጣው የጆይ ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ቀስቶቹን በእነዚህ ቁልፎች ላይ አትሞ ስለነበር ነው።

በዚያው በ1976 በኤምአይቲ የተወለደው ኢማክስ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ተጠቃሚው እንደፈለገ የሚያሰፋው ኤዲተር ሆነ። በኋላ «8 ሜጋባይት ይበላል» እየተባለ ተቀልዶበታል። ዛሬ 8 ሜጋባይት ለአንድ ጥራት ያለው ፎቶግራፍ እንኳ ላይበቃ ይችላል። ክብደት የሚመዘነው በዘመኑ ማሽን ነው።

በ2014 የወጣው የጊትሀብ አቶምና በ2015 የተከተለው የማይክሮሶፍት ቪኤስ ኮድ ኤሌክትሮን በተባለ የሶፍትዌር ማዕቀፍ ላይ ተሠሩ፤ ሁለቱም አንድ ሙሉ የብራውዘር ሞተር ተሸክመው ይነሣሉ። ቪኤስ ኮድ ተስፋፋ፣ አቶም በ2022 መጨረሻ ተቋረጠ። ብራም ሞሌናር በ1991 ያወጣው የቪአይ ወራሽ ቪም ግን ዛሬም ይሠራል።  ሞሌናር በ2023 ቢያርፍም ሥራው ቀጥሏል።

ቅልጥፍና ለእጥረት የተሰጠ መልስ ነው፤ እጥረቱም አላበቃም። ራሙ 4 ጊጋባይት በሆነ ላፕቶፕ ለሚማር፣ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት ሩቅ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ሰው ቪም ወይም ናኖ የተባለው ቀላል ኤዲተር ዛሬም ባለውለታ ነው። ማሽኑ የቻለለት ቪኤስ ኮድን ቢይዝ አይነቀፍም። እናንተ ግን ስትመርጡ ዝናን አትከተሉ። ባላችሁ ማሽን ላይ ክፈቱት፣ ትልቅ ፋይል ጫኑበት፣ አማርኛ ጻፉበት፤ የማያስጠብቃችሁን ያዙ።