የደም ግፊትን መከላከልና የመምህራን ድርሻ፦ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

የደም ግፊትን መለካት የተጀመረው በሽታውን የመከላከል አስተሳሰብ ከመወለዱ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ በክንድ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1896 አስተዋወቀ። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ገለጸ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት ሳይስማሙ ቆይተዋል። በርካቶች የግፊት መጨመር በጠበቡ የደም ሥሮች ውስጥ ደምን ለማሳለፍ የሚያስፈልግ ማካካሻ ስለሆነ ባይነካ ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1944 ሲመረመሩ ግፊታቸው 186/108 ነበር። በጊዜው ግፊትን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚቀንስ መድኃኒት አልነበረም፤ በሚያዝያ 1945 በአንጎል ደም መፍሰስ ሕይወታቸው አለፈ። በ1948 በፍራሚንግሃም ከተማ የተጀመረውና 5,209 ሰዎችን የተከታተለው ጥናት፣ ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው ጭምር በከፍተኛ ግፊት ምክንያት ለልብና ለአንጎል በሽታ እንደሚጋለጥ አስረዳ። ኤድዋርድ ፍሪስ የመሩት፣ ውጤቱም በ1967 እና በ1970 የታተመው ጥናት ደግሞ ሕክምናው ሕይወት እንደሚያድን አረጋገጠ።

መከላከል ከክሊኒክ ወጥቶ ወደ ኅብረተሰቡ የገባበት ጉልህ ምሳሌ በ1972 በፊንላንድ የተጀመረው የሰሜን ካሬሊያ ፕሮጀክት ነው። በፔካ ፑስካ የሚመራው ቡድን ነርሶችን፣ የቤት እመቤቶችን ማኅበርና የምግብ አምራቾችን አስተባበረ። ከ1978 እስከ 1980 ደግሞ የ13 ዓመት ተማሪዎችን በትምህርት ቤቶቻቸው አስተማረ። በአካባቢው በሥራ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ወንዶች ዘንድ የልብ ደም ሥር በሽታ ሞት በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ለውጡ የመጣው በትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ዳቦውና ቅቤው፣ ማለትም የዕለት ኑሮው፣ አብሮ ተለውጧል።

ይህ ታሪክ ለአገራችንም ትርጉም አለው። በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑ አዋቂዎች ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በአማካይ የሚወሰደው ጨውም የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው፣ በቀን ከ5 ግራም በታች ከሆነው መጠን እንደሚበልጥ ተመልክቷል። መምህሩ በዚህ ረገድ ሁለት ገጽታ አለው፤ የጤና መልእክት አድራሽ ነው፣ ራሱም ለበሽታው የተጋለጠ ነው። ስለ ጨው ጉዳት በክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ወጡ ላይ ጨው ሊጨምር፣ «ምንም አላመመኝም» ብሎም ለዓመታት ሳይለካ ሊቆይ ይችላል። የፍራሚንግሃም ጥናት ስሕተትነቱን ያሳየውም ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። ተማሪዎቹም ከቃሉ ይልቅ ልማዱን ያያሉ።

ስለሆነም የጤና ባለሙያው ለመምህራን በራሪ ጽሑፍ በማደል ብቻ መወሰን አይገባውም። በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ መለኪያውን ይዞ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ቢሄድ፣ ግፊታቸው 140/90 እና ከዚያ በላይ የተገኘባቸውን ደግመው እንዲለኩ ቢቀጥርና ወደ ጤና ጣቢያ ቢልክ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ምግብም ቢመክር፣ ዕውቀቱ ወደ ልማድ የሚሸጋገርበት መንገድ ይከፈታል።