ከቃሬዛ እስከ ኩላሊት እጥበት

በየዓመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሩና ስለ መዋጮው ስንጽፍ ኖረናል። ዘንድሮ ከልማዳችን ወጣ ብለን ስለ ኩላሊት እጥበት ታሪክ ጥቂት ለማለት አሰብን። «የቀብር ማኅበር ስለ ሐኪም ቤት መኪና ምን አገባው?» የሚል አባል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ሐኪም አይደለንም፤ ትምህርታችን ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስንቀበልና ስናስተላልፍ ፈጅተን ጡረታ የወጣን ነን። ዳሩ ግን የቅሬውን መዝገብ የምንይዘው እኛ ነንና፣ በ2011 ዓ.ም. መዝገብ ላይ ያሉ ሁለት መስመሮች እንቅልፍ ስለ ነሱን ብዕር አነሳን። ስለ መስመሮቹ በቦታው እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ ስለ ቃሬዛ። የዛሬ ወጣቶች ቃሬዛ ሲባል የሬሳ ብቻ ይመስላቸዋል። እኛ በልጅነታችን ያየነው እንዲያ አይደለም። ቅሬ የሚጠራው ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ሰው ሲታመምም ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት ወይም ወባ የጣለው ሰው ሲኖር ለፋፊው ወጥቶ ይጮኻል፤ ጎልማሳው ሁሉ ከማሽላ ማሳው ተነስቶ ይመጣል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቃሬዛ ሥር ይገባል። በሁለት አጣና ላይ ጠፍር ተወጥሮ፣ ሕመምተኛው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አራት አራት ሆነው ተሸክመው ወደ ሐኪም ወይም መኪና ወደሚገኝበት ጎዳና ያወጡታል። ልብ በሉ፤ አራቱ ሰዎች እስከ መጨረሻው አይሸከሙም። ጥቂት እንደ ሄዱ ከኋላ የሚከተሉት አራቱ «አምጣው» ብለው ሳይቆሙ ይቀበላሉ፤ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ትከሻ ብቻ ይቀያየራል። የቀረ ሰው ይቀጣል። ለታመመው የቀረና ለሞተው የቀረ ቅጣቱ አንድ ነበር። ይህንን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ ካራቆሬንና ኩላሊትን የሚያገናኝ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ካራቆሬ በዓለም የመሬት ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የሚነሳው በ1953 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ማጀቴ የፈረሰችው፣ የደሴው አውራ ጎዳና የተሰነጣጠቀው ያን ጊዜ ነው። እኛ በእናታችን ጀርባ ላይ ነበርንና የምናውቀው ሲነገር ሰምተን ነው። ታዲያ ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ግድግዳ የተጫነው ሰው በሕይወት ከተገኘ በኋላ ውኃ ጠጥቶ፣ ሰው አነጋግሮ፣ «ተረፈ» ተብሎ እልል ከተባለለት በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። የተጨፈለቀው ሥጋ የሚለቀው መርዝ ወደ ደሙ ገብቶ ኩላሊቱን ይዘጋዋል። ይህን ነገር የእንግሊዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1941 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ከፍርስራሽ በወጡ ሰዎች ላይ አይተው ጻፉት። እ.ኤ.አ. በ1988 አርሜንያ ስትንቀጠቀጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ኩላሊታቸው ቆመ፤ ለሁሉም የሚበቃ መኪና አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የዓለም የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት አገር መኪናና ባለሙያ ይዞ የሚደርስ ግብረ ኃይል አቋቋመ። በ1953 በኛ አገር ይህ ሁሉ አልነበረም።

ኩላሊት ምን እንደሚሠራ ጠይቀን የተረዳነውን እንጻፍ። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀንና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደማችን ውስጥ ያጠልላሉ፤ ጥሩውን መልሰው ቆሻሻውን በሽንት ይሰዳሉ። ስኳር በሽታና ደም ብዛት ቀስ ብለው ይገድሏቸዋል፤ ሰውየው ሳያውቅ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ፊቱና እግሩ ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላው ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኛው ሥራ አልቋል። እዚያ ላይ ሲደረስ ዋናው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ የሌላ ሰው ኩላሊት መቀበል፣ ወይ ደምን ወደ ውጭ እያወጡ በመኪና ማጠብ።

ይህን መኪና ለሰው እንዲሆን አድርጎ የሠራው ቪለም ኮልፍ የሚባል የሆላንድ ሐኪም ነው። ዘመኑ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ነበር፤ አገሩ በጀርመን ተይዛ ነበር፤ ዕቃ አይገኝም። እሱም በካምፐን ከተማ የቋሊማ መሸፈኛ የሆነውን ሴሎፎን ወስዶ ከእንጨት በተሠራ ከበሮ ላይ ጠመጠመው፤ ደሙ በዚያ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ከበሮው ጨው ባለው ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ቆሻሻው ከደሙ እየሾለከ ወደ ውኃው ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ በዐሥራ ስድስት ሰዎች ላይ ሞከረ፤ መኪናው ያዳነው ነው ለማለት የሚያስደፍር አንድም አልተገኘም። እኛ ብንሆን በሁለተኛው ላይ በተውነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ዐሥራ ሰባተኛዋ፣ የ67 ዓመት አሮጊት፣ ራሳቸውን ስተው መጥተው ከታጠቡ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኮልፍ የሠራቸውን መኪናዎች ለተለያዩ አገር ሆስፒታሎች በነፃ ሰጠ።

ነገር ግን የኮልፍ መኪና የሚያገለግለው ኩላሊቱ ለጊዜው ለደከመ ሰው ብቻ ነበር። በታጠበ ቁጥር አዲስ የደም ሥር መቆረጥ አለበት፤ የሰው የደም ሥር ደግሞ ያልቃል። ይህን የፈታው በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የነበረው ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ክንድ ላይ እንደ ተተከለ የሚቀር የቴፍሎን ቱቦ አበጀ። በዚያ ቱቦ የመጀመሪያው ሕመምተኛ፣ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረ።

መከራውም ከዚያ ጀመረ። መኪናው ሰውን ማኖር ቻለ፤ መኪናው ግን ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ፣ ወጪውም ከባድ። እ.ኤ.አ. በ1962 በሲያትል የእጥበት ማዕከል ሲከፈት ማን ይታጠብ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስን ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጠበቃ፣ ቄስ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሹም፣ የሠራተኞች መሪና አንድ ሐኪም ነበሩበት። እስቲ አስቡት፤ ልክ እንደ ቅሬ ሽማግሎች! ሰውየው ስንት ልጅ አለው፣ ሥራው ምንድን ነው፣ ጠባዩ እንዴት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ እያሉ ነበር የሚፈርዱት። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ሕመምተኛ የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ፊት ቀርቦ እዚያው እየታጠበ አሳያቸው፤ በ1972 መንግሥት የእጥበትን ወጪ እንዲሸፍን ሕግ ወጣ። ሰባቱ ሰዎችም ከዚያ ፍርድ አረፉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ተከታታይ እጥበት የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግል ሆስፒታል ነው፤ ቆይቶ በዘውዲቱ፣ በጳውሎስና በዳግማዊ ምኒልክ፣ በክልላችንም በጎንደርና በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ተከፈተ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አግዘው፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ከተተከለም በኋላ መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በእጥበት ይኖራል። ደንበኛው እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ያህል ነው። በዓመት 156 ጊዜ መሆኑ ነው። ለአንዱ እጥበት ብቻ የተጣራ ውኃ 120 ሊትር ያህል ይፈሳል፤ መብራትም መቋረጥ የለበትም። መኪናው በየወረዳው የማይገኝበት ምክንያት ይኸው ነው።

መንገዱም አለ። ከካራቆሬ ተነስቶ አጣዬን፣ ሰንበቴን፣ ጀውሃን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወጥቶ፣ የጣርማበርን ዋሻ ሾልኮ፣ በደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለመድረስ ለጤነኛም ሰው ይደክማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ይህ መንገድ በግጭትና በጦርነት ሲዘጋ ያየነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያው ጦርነት በመቀሌ አይደር ሆስፒታል የእጥበት ዕቃ በማለቁ የሕመምተኞቹ ተራ እየተቀነሰ ሄዶ ሰዎች ሞተዋል። የማንም ወገን ይሁኑ፣ ኩላሊት ወገን አይለይም።

እንግዲህ ስለ ሁለቱ መስመሮች። በ2011 ዓ.ም. አንድ የቅሬያችን አባል፣ ስማቸውን ቤተሰባቸው እንዳይነሳ ስለ ለመኑን አንጽፈውም፣ ኩላሊታቸው ቆመ ተባለ። ቅሬው ተሰበሰበ። «ደንባችን ለቀብር ነው» ያለ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ደንቡን ገልጠን ያነበብነው ሰዎች አንዱ ነን። ቢሆንም ሰው ጨከነና ከኪሱ አዋጣ፤ በግ የሸጠም ነበር። ገንዘቡን በፖስታ አድርገን «ይማርዎ» ብለን ሰጠን። የእጥበቱ ነገር ያለቀ መሰለን። ያ ገንዘብ፣ የቤት ኪራዩና መሳፈሪያው ተነስቶለት፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ አጠባቸው። ዐሥራ አንድ! ወር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ላማቸውን ሸጡ፤ በሳምንት ሦስት የነበረው ሁለት፣ ቀጥሎም አንድ ሆነ። ሁለተኛ ልመና ሊመጡ አፈሩ፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ወደ ካራቆሬ ተመልሰው አበጡ፤ አረፉ። ቅሬው ድንኳኑን ተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ የቀብር ማስፈጸሚያው በደንቡ መሠረት ሳይጓደል ተከፈለ። በመዝገቡ ላይ «ለሕክምና እርዳታ» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩም «ለቀብር» የሚል አንድ መስመር አለ። የጻፍነው በአንድ እጅ፣ በአንድ ብዕር ነው።

ጥፋቱ የጭካኔ አይደለም፤ የቅርጽ ነው። ለአንድ ቀን ሞት የተሠራ መዋጮ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለሚመጣ ሕመም አይሆንም። ቃሬዛውን አንዴ አንስተን መንገድ ላይ አስቀመጥነው፤ ትከሻ የሚቀይር አልነበረም። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በሞንታርቦ ፎቶ ለጥፈው የሚለምኑት ቤተሰቦችም ይኸው ነው የደረሰባቸው።

«መንግሥት ይሸፍነው» የሚል አለ። እኛም ደስ ባለን። ነገር ግን ለመንግሥት ሠራተኛና ለእንደኛ ያለው ጡረተኛ ታስቦ የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005 ሲወጣ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ድካም ካልሆነ በቀር እጥበትን አይሸፍንም ነበር። በ2003 ዓ.ም. ተሁለደሬን በመሳሰሉ ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ትልቅ እርዳታ ሆኗል፤ የዓመት እጥበት ግን ሌላ ሸክም ነው።

ደንብ አይለወጥም እንዳትሉን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ሰውን ሲፈጀው የአዲስ አበባ ዕድሮች ካዝናቸው በቀብር ሲራቆት አይተው፣ ብዙዎቹ ደንባቸውን አሻሽለው በቁም ላለ ሕመምተኛ መርዳት ጀምረዋል።

ዛሬ በቅሬያችን እጥበት ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች አሉ። እዚህ ላይ የሲያትል ሰባት ሰዎች ትዝ ይሉናል። አንዱ የስድስት ልጆች አባት፣ ሁለተኛዋ ልጅ የሌላት ሴት ናት፤ «ለማን እናዳላ?» የሚል ወሬ ከወዲሁ ሰምተናል። እኛ በዚያ ፍርድ ውስጥ መግባት አንፈልግም፤ ቃሬዛ ላይ ያለውን ሰው ስንት ልጅ አለህ ብሎ የጠየቀ አላየንም። ለሁለቱም እኩል ይሁን እንላለን።

ለጠቅላላው ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ብር ተለይታ በሌላ መዝገብ ትያዝ፤ የቀብሩ ገንዘብ አይነካ። አንድ ቅሬ 156ቱን እጥበት አይችልም፤ የጎረቤት ቅሬዎች ጥቂት ጥቂት እጥበት በየተራ ይያዙ። አዲስ አበባ ቤት ያላቸው የአገራችን ልጆች ለሕመምተኛው ማደሪያ በወር ተራ ይስጡ፤ ይህ ከብሩ እኩል ነው፤ የኪራዩን ነገር አይተነዋልና። የሚያደርስ የሚመልስ ጎልማሳም በዝርዝር ይመደብ፤ የቀረ ይቀጣ፤ እንደ ጥንቱ።

ለጠያቂዎችም አንድ ነገር። የሚታጠብ ሰው ሽንቱ ስለሚቀንስ የሚጠጣው በልክ ነው፤ ሙዝና ብርቱካንም ልቡን ሊያቆምበት ይችላል። በኛ ቆላ ሙቀት ውኃ መከልከል ምን እንደሆነ አስቡት። «በሞቴ ጠጣ» አትበሉ፤ ሙዝ ይዛችሁ አትሂዱ። ባዶ እጅ መሄድ ካሳፈረ መሳፈሪያውን ስጡ።

ስኳርና ደም ብዛት ያለባችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሽንታችሁን አስመርምሩ። እኛ ራሳችን ደም ብዛት አለብን፤ ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ነው የተመረመርነው።

አዲሱን መዝገብ አሥምረን አዘጋጅተናል። በመጀመሪያው ገጽ የሁለቱ ሕመምተኞች የእጥበት ቀን አለ፤ ከጎኑ ያለው የተረኛ ስም ክፍት ነው። በስብሰባው ቀን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ብዕርም ይኖራል።